ከሀረጎ ላይ ሆኖ ኮምቦልቻን ያየ ሰው

ሰሞኑን ስለ ኮምቦልቻ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ እጄ ገባ። የላከልኝ ጓደኛዬ ነው፤ ደሴ ያደገ። «አንብበህ እንዳትናደድ» ብሎ ነው የላከው። እንዲህ ተብሎ የተላከ ነገር ደግሞ ሳይናደዱ አይነበብም።

ጽሑፉ ረጅም አይደለም። ኮምቦልቻ የደሴ ጓሮ ናት ይላል። ደሴ መኖሪያ፣ ኮምቦልቻ መሥሪያ። ከተማ ያደረጋት የኢንዱስትሪ ፓርኩ ነው ይላል። ሠራተኛው ቀን እዚያ ውሎ ማታ ሀረጎን ወጥቶ ደሴ ያድራል ይላል። አየሩ ቆላ ነው፣ ሰው አያስቀምጥም ይላል። ፋብሪካዎቹ ወንዙን ገድለውታልና ቢዘጉ ይሻላል ይላል። በመጨረሻም ከጦርነቱ ወዲህ ከተማዋ አብቅቶላታል ብሎ ይዘጋል። ጸሐፊው ስሙን አልጻፈም፤ «የደሴ ልጅ» ብቻ ነው ያለው። እኔም የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ እኩል ነን።

በጓሮው ልጀምር። ጓሮ ማለት ከቤት ኋላ ያለ ቦታ ነው። በር ከፍተህ በነጠላ ጫማ የምትወጣበት። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሀሉ ላይ ደግሞ ሀረጎ አለ። ለማያውቀው ሰው፣ ሀረጎ ተራራ ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ነው የሚወርድበት። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። ስድስት መቶ ምናምን ሜትር በአንድ ሚኒባስ ትወርዳለህ። ጆሮህ ይደፈናል። ክረምት ላይ ጉሙ ከወረደ ሾፌሩ ሙዚቃውን ይዘጋል። ተሳፋሪውም ወሬውን ያቆማል። ከኋላ አንዷ እናት ዱዓ ይጀምራሉ፣ አጠገባቸው ያሉት ያማትባሉ። በነጠላ ጫማ የሚሄዱበት ጓሮ አይደለም።

እኔ ይሄን መንገድ በሳምንት አምስት ቀን እመላለሳለሁ። ግን ጸሐፊው ባለው አቅጣጫ አይደለም። የማድረው ኮምቦልቻ ነው፣ የምሠራው ደሴ። ጠዋት መናኸሪያ በሸሚዝ እገባለሁ። ሀረጎ አናት ላይ ስንደርስ ሹራቤን ከቦርሳዬ አወጣለሁ። ማታ ስንወርድ እዚያው ቦታ ላይ አወልቃለሁ። አብረውኝ የሚወጡ ሰዎችን በመልክ አውቃቸዋለሁ። አስተማሪዎች አሉ፣ የባንክ ሠራተኞች አሉ፣ የሐኪም ቤት ቀጠሮ ያለው አይጠፋም። ከላይ ወደ ታች የሚወርዱም ሞልተዋል፤ መንገድ ላይ እንተላለፋለን። አንዱ ከተማ መኝታ፣ አንዱ ከተማ መሥሪያ የሚለው ነገር ጠዋት አንድ ሰዓት መናኸሪያ ቆሞ ላየ ሰው አያስኬድም።

የፋብሪካ ሠራተኛውን በተመለከተማ ጭራሽ ስሌቱ አይመጣም። አገራችን ውስጥ ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም። ስፌት ላይ የምትቀመጥ ልጅ ምን ያህል እንደምታገኝ ጠይቆ ያውቃል? በየቀኑ ደሴ ደርሶ መልስ ከፍላ ምን ሊተርፋት? የምታድረው እዚሁ ነው። እንዴት እንደምታድር ልንገረው።

ከቤቴ ጀርባ አንዲት እናት አሉ። ፓርኩ ሲከፈት ግቢያቸው ውስጥ በቆርቆሮ ስድስት ክፍል ሠሩ። አንዱ ክፍል አራት ልጆች ይይዝ ነበር። ከገጠር የመጡ፣ የመጀመሪያ ሥራቸው የሆነ። ፍራሽ ሁለት ብቻ ነው፣ መሬት ላይ። አራት ሰው በሁለት ፍራሽ እንዴት ይተኛል ብዬ ስጠይቅ አከራይዋ ሳቁብኝ። ሁለቱ ቀን ይገባሉ፣ ሁለቱ ማታ። አንዷ ስትነሣ ሌላዋ ትተኛለች። «ፍራሹ በርዶ አያውቅም» አሉኝ። በሩ ላይ አንድ ከሰል ማንደጃ፣ አንድ ጀሪካን፣ ገመድ ላይ አራት አንድ ዓይነት ቲሸርት። ቅዳሜ ማታ ግን ቡና ያፈላሉ፤ ፈንዲሻው ሳይቀር። ሳቃቸው እኔ ቤት ድረስ ይሰማል። ጸሐፊው «ማታ ባዶ የምትሆን» ያላት ከተማ ይቺ ናት።

አሁን ወደ ሁለተኛው እንሂድ፤ ፓርኩ ነው ከተማ ያደረጋት ወደሚለው።

ፓርኩ የተመረቀው ሐምሌ 1 ቀን 2009 ነው። 75 ሄክታር ላይ ያረፈ፣ 90 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት፣ የቻይና ተቋራጭ የሠራው። ልክ ነው፣ ትልቅ ነገር ነበር። ግን በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ፣ ማለትም ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ 58,667 ሰው ተቆጥሯል። በዙሪያዋ ያሉት የገጠር ቀበሌዎች ሲጨመሩ ከ85 ሺህ በላይ። ያኔ ደሴ ከተማ 120 ሺህ ገደማ ነበረች። እንግዲህ የአንድ ከተማ «ጓሮ» የቤቱን ግማሽ ያህል ሰው ሲይዝ ጓሮ ይባላል ወይ?

ከተማዋን የሠራት መንገድ ነው። ስሟ እንኳ ከፋብሪካ በፊት የዛፍ ስም ነው፤ በኦሮምኛ ኮምቦልቻ የሚባለውን አማርኛው አጣጥ ይለዋል። ከዚያ ጣሊያን መጣና ከአሰብ የሚመጣውን መንገድ በባቲ አድርጎ እዚህ ከአዲስ አበባና ከደሴ መንገድ ጋር አገናኘው። ሦስት አቅጣጫ ያለው መገናኛ ሆነች። መኪና የሚቆምበት ቦታ ላይ ሻይ ቤት ይከፈታል። ሻይ ቤት ያለበት ጋራዥ ይመጣል። ጋራዥ ያለበት አልቤርጎ ይሠራል። አባቴ የአሰብን ሹፌሮች ያስታውሳል። ጨው ጭነው፣ ነዳጅ ጭነው፣ ፊታቸው አቧራ ለብሶ ሲገቡ፣ ከተማው በሙሉ ሥራ ያገኝ ነበር ይላል። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲመጣ አሰብ ተዘጋ። ከተማዋ ግን አልተዘጋችም። ያው መንገድ በባቲና በሚሌ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዛሬ ደረቅ ወደቡ፣ ማለትም ከባሕር ርቆ ጭነት የሚራገፍበት ግቢ፣ እዚህ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ትልልቅ መጋዘኖችም እዚህ የሆኑት በዚሁ ምክንያት ነው።

ፋብሪካዎቹም ቢሆኑ ከፓርኩ በፊት ናቸው። ጨርቃ ጨርቁ የደርግ ዘመን ነው። ሥጋ ፋብሪካ አለ፣ ቆዳ ፋብሪካ አለ፣ ቆርቆሮ የሚያወጣው የብረታ ብረት ፋብሪካ አለ፣ በ1990 አካባቢ የመጣው ቢራ ፋብሪካ አለ። ዱቄቱን አልቆጥርም። እኛ ልጆች ሆነን ሰዓት የምናውቀው በፋብሪካ ነበር። የጠዋቱ ፈረቃ ወጣ ማለት እናቴ ምሳ ጥዳለች ማለት ነው። አድራሻ የምንናገረውም በፋብሪካ ነው፤ «ከቢራው ዝቅ ብሎ፣ ከቆዳው ፊት ለፊት»። እስካሁን ጠዋት ነፋሱ በኛ በኩል ከመጣ የሚፈላ ብቅል ይሸታል። ለእንግዳ ይከብዳል። ለኔ የትምህርት ቤት መንገድ ሽታ ነው።

ጸሐፊው አንድ ነገር ረስቷል። እነዚህ ፋብሪካዎች ለምን ደሴ አልተሠሩም? ደሴ ስለሰጠች አይደለም። ደሴ ቦታ የላትም። በአንድ በኩል ጦሳ፣ በሌላ በኩል አዝዋ ገደል ጨምቀው ይዘዋታል። ቤቶቿ ራሱ ተዳፋት ላይ ተንጠልጥለው ነው ያሉት፣ ክረምት ላይ መሬት ሲንሸራተት ልብ ይሰቀላል። አውሮፕላን ማረፊያም፣ የጭነት ግቢም፣ ሰፊ ፋብሪካም ሜዳ ይፈልጋል። ሜዳው ታች ነው። ወንዙ ታች ነው። መገናኛው ታች ነው። ይሄ ደሴን ማሳነስ አይደለም፤ ንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ የሚባለውን አዳራሽ ያሠሩት እዚያ ከፍታ ላይ ነው፣ የወሎ መናገሻ እሷ ናት፣ ማንም አይነጥቃትም። ግን ተራራ ተራራ ነው፣ ሜዳ ሜዳ ነው።

ስለ አውሮፕላን ማረፊያው ካነሣሁ አይቀር፣ ጸሐፊው ሊጠቀምበት ይችል የነበረ አንድ ማስረጃ አምልጦታል። እኔው ልስጠው። ኮምቦልቻ ስታርፍ ሻንጣህ ላይ የሚለጠፈው ኮድ «ዲ ኤስ ኢ» ነው፤ ከደሴ የተወሰደ። አውሮፕላኑ የሚያርፈው በኛ ሜዳ፣ ስሙ የእነሱ። ይሄን አይቼ በሳቅ ፈርሻለሁ። ደሴዎች ሆይ፣ ኮዱን ውሰዱት። ሜዳውን ግን አትችሉም።

ቆላ ነው ስለሚለው ብዙ አልደክምም። ወላጆቻችን ቆላ የሚሉት ከ1,500 ሜትር በታች ያለውን ነው። 1,850 ወይና ደጋ ነው። ቆላ ማየት የሚፈልግ ሰው ባቲን አልፎ ሚሌ ይውረድ፤ እዚያ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ይጻፍልኝ። ወባ የለም አልልም፣ አለ፤ አጎበርም አለን። ማታ ማታ ግን ከየጎፍ ተራራ በኩል ንፋስ ይመጣል። ደሴ ላይ ሰው ጋቢ ለብሶ በር ሲዘጋ፣ እዚህ በረንዳ ላይ ተቀምጦ በቆሎ ይጠብሳል። የቱ ነው ሰው የማያስቀምጠው?

ወንዙ ላይ ግን ልጁ እውነቱን ነው። እንዲያውም አሳንሶ ነው የጻፈው።

ቦርከና ውስጥ ዋኝቻለሁ። ይሄን ስል ልጆቼ አያምኑኝም። እሑድ እሑድ እናቶች ልብስ ያጥቡ ነበር፤ እኛ ከፍ ብሎ ካለው ገንዳ ላይ እንዘላለን፣ ድንጋይ ላይ ተኝተን እንደርቃለን። ዛሬ የመሀል ከተማውን ድልድይ ስሻገር አፍንጫዬን ይዤ ነው። ቀለሙ በየቀኑ ይለያያል። አንድ ቀን ሰማያዊ ነገር ወርዶ አይቼ ቆምኩ። አጠገቤ የቆመ የባጃጅ ሹፌር «ዛሬ ሰማያዊ ነው የነከሩት» አለኝ፣ እንደ አየር ሁኔታ ወሬ። ያ አነጋገሩ ከቀለሙ በላይ አስደነገጠኝ። ለምደነዋል ማለት ነው።

ቀለም የሚታይ ነገር ነው። የሚከፋው የማይታየው ነው። ከተማዋን አቋርጠው ቦርከና የሚገቡ ሌዮሌና ወርካ የሚባሉ ትንንሽ ወንዞች አሉ። ተመራማሪዎች እነሱ ውስጥ ክሮሚየምና ዚንክን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶች ለክተዋል። ክሮሚየም ከየት ይመጣል? ቆዳ ሲለፋ የክሮም ጨው ይገባበታል። ቆዳው ሁሉንም አይመጠውም፤ የተረፈው ከውኃው ጋር ይወጣል። ዚንክ ደግሞ ቆርቆሮ እንዳይዝግ የሚለበጥበት ነው። ወንዞቹ ትልልቅ ቢሆኑ አንድ ነገር ነው። እነዚህ ግን በጋ ላይ ልጅ የሚዘላቸው ናቸው፤ ውኃው ሲያንስ የተጣለው ነገር ይወፍራል። ከታች ደግሞ ገበሬ አለ። በዚያው ውኃ ሰላጣና ሽንኩርት ያጠጣል። ገበያ ይወጣል። እኔም እገዛለሁ። ከዚያም ወርዶ ጨፋ ሜዳ ይገባል፤ በጋ ላይ የአፋር ከብት ሳይቀር የሚሰማራበት ረግረግ።

እዚህ ድረስ አብረን ነን። የምንለያየው ሁለት ቦታ ላይ ነው።

አንደኛ፣ ቦርከና ኮምቦልቻ ላይ አይጀምርም። ከኩታበር በኩል ተነሥቶ፣ ደሴን ነክቶ፣ በዶቃቂት ገደል አድርጎ ነው ወደ እኛ የሚወርደው። እኛ ጋ ሲደርስ ንጹሕ ነበር እንዴ? የደሴ ፍሳሽ የት ይገባል? የገበያው ቆሻሻ፣ የየግቢው ፍሳሽ፣ ፕላስቲኩ፣ በክረምት ጎርፍ ታጥቦ የት ነው የሚሄደው? ወደ ታች ነው የሚሄደው፤ ታች ደግሞ እኛ ነን። ጓሮ ያለን ለካ ለዚህ ነው። ቆሻሻ የሚደፋው ጓሮ ነዋ!

ሁለተኛ፣ ይዘጉ የሚለው። ማንን ነው የምትዘጋው? እነዚያን ሁለት ፍራሽ ለአራት የሚከራዩ ልጆች ነው የምትዘጋው። አገሪቱ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ አላት፤ ቁጥር 300፣ በ1995 የወጣ። ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ፍሳሽ ሳይጣራ አይለቀቅ ይላል። ማጣሪያ መሥራት ብቻ አይደለም ነገሩ፤ የተሠራው ማጣሪያ ሌሊትም መሥራቱን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ሌሊት ላይ የሚለቀቅ ነገር እንዳለ ወንዝ ዳር የሚያድር ሁሉ ያውቃል። ውኃውን በየሳምንቱ ቀድቶ የሚለካ፣ ውጤቱንም አደባባይ ላይ የሚለጥፍ ቢኖር እኔ ራሴ ጄሪካን ተሸክሜ እቀዳለት ነበር። ጸሐፊው ይሄን ጠይቆ ቢሆን ከጎኑ ነበርኩ።

የመጨረሻው ነጥብ አብቅቶላታል የሚለው ነው። ይሄኛው ያመኛል፣ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው።

በ2014 ጥቅምት 20 ገደማ የሰሜኑ ጦርነት ደሴንም ኮምቦልቻንም ያዘ። ኅዳር 27 መንግሥት ሁለቱንም መልሶ መያዙን አስታወቀ። አንድ ወር ከምናምን ነው። በዚያ አንድ ወር ፋብሪካዎች ተዘረፉ፣ መጋዘኖች ተዘረፉ። ስመለስ መንገድ ላይ የማሽን ገመድ ተበጣጥሶ፣ ወረቀት በየቦዩ ተበትኖ አይቻለሁ። የሠራተኛ መታወቂያ፣ ፎቶው ላይ የምትስቅ ልጅ ያለችበት፣ ጭቃ ውስጥ። አንስቼ ጠረግኩት። የማን እንደሆነ አላውቅም፣ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ከተማዋ ነጻ ወጣች ከተባለ ገና አንድ ወር ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014፣ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። አጎዋ ማለት በአጭሩ እዚህ የተሰፋ ልብስ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባ የነበረበት ዕድል ነው። ለፓርኩ ትልቁ ነገር እሱ ነበር። ሱሪና ቲሸርት ላይ ቀረጥ ሲጨመር ገዢው ሌላ አገር ይሄዳል። በጦርነቱ የተሰበረውን ማሽን ትጠግነዋለህ። የሄደ ገዢ ግን ስልክ አያነሣልህም። አከራይዋ እናት ጋ ከስድስቱ ክፍል አራቱ ባዶ የሆኑት ያኔ ነው።

ባቡሩንም ጸሐፊው ሊጠቅሰው ይገባ ነበር፣ ዝም አለው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሀራ ገበያ የሚሄደው መስመር 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የቱርክ ኩባንያ ያፒ መርከዚ የሠራው። ሐዲዱ ተዘርግቷል፣ ጣቢያው ቆሟል። መኪናህን አቁመህ ብትገባ አዳራሹ ያስተጋባል። ባቡሩ ግን መደበኛ ሥራ ጀምሮ ጡሩምባውን ሰምቼ አላውቅም። ፋብሪካ አለ፣ ደረቅ ወደብ አለ፣ ሐዲድ አለ፣ ጭነቱ ግን አሁንም በተሳቢ ነው የሚሄደው። «አብቅቶላታል» ከማለት «ለምን አልጀመረችም» ብሎ መጠየቅ ይቀድም ነበር።

አብቅቶላታል ላለው ግን፣ ጠዋት ይምጣና ይይ። ቢራው ይጨሳል። ተሳቢዎች ከባቲ በኩል ተሰልፈው ይገባሉ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚሁ ነው፣ ተማሪው ባጃጅ ይጋፋል። ቅዳሜ ገበያው መንገድ ይዘጋል። ባለፈው ሳምንት አከራይዋ እናት በር ላይ አገኘኋቸው። ሁለት ክፍል ተከራየልኝ አሉ።

«ለፋብሪካ ልጆች?»

«አይ፣ ለተማሪዎች። ሦስት ሦስት ሆነው ገቡ።»

«ፍራሹስ?»

«እነዚህ ሌሊት ነው የሚተኙት» አሉኝ። «ሦስት ፍራሽ ልግዛ ነው።»